ያልረገጠው ፍሬን

ኪዳን ሲገነዝ ፊቱን ለእናቱ ለእማማ ንግሥቴ አላሳዩአቸውም። የማሳ ጎረቤቱ አበጋዝ መጥረቢያውን ያሳረፈበት ከቅንድቡ በላይ ነበር። ነገሩ የተነሳው ከማሳ ወሰን ነው፤ በሁለቱ ስንዴ መካከል የነበረው ድንጋይ ተነቅሎ ክንድ ያህል ተገፍቷል ተባባሉ፤ ስድብ መጣ፣ ዱላ መጣ፣ በመጨረሻ መጥረቢያ መጣ። የኪዳን ታላቅ ወንድም ሙላው ከከተማ ሲደርስ ደሙ የአውድማው ገለባ ላይ ጠቁሮ ዝንብ ወርሮት አገኘ። ከብት እንዳይበላው ብሎ ያንን ገለባ በእጁ እያፈሰ ቀበረው። ሽታው ከጥፍሩ ሥር ለመልቀቅ ብዙ ጊዜ ፈጀበት።

አበጋዝ ተፈርዶበት ወህኒ ወረደ። እማማ ንግሥቴ ጥቁራቸውን ሳያወልቁ ዓመታት አለፉ። ሙላውን እንዲህ አድርግ ብለው አንድም ቀን አልተናገሩትም። ብቻ ከመንገድ ሲመለስ በር ላይ ቆመው ይጠብቁታል፤ መጀመሪያ የሚያዩትም ፊቱን ሳይሆን፣ ደም የሚፈልጉበት ይመስል፣ እጅጌውን ነው። ሙላውም እንዳላየ ሆኖ ይገባል።

ሙላው የጭነት መኪና ሲነዳ ኖሮ ወገቡ እምቢ ሲለው መካነ ሰላም ላይ ጨርቅ የምትነግደው ፊርደውስ ሾፌሯ አደረገችው። አዲስ አበባ ሄዳ የገዛቻት መኪና ትንሽ ናት፤ ቀለሟ የበሰለ ሎሚ ይመስላል። እንዳይቆሽሽ ተብሎ የመቀመጫዋ ላስቲክ እንኳ አልተነሳም ነበር። ፊርደውስ መኪናዋ አምስት ኮከብ እንዳላት በኩራት ነገረችው። ባሕር ማዶ የሰው ልክ አሻንጉሊት ያስቀምጡና መኪናውን ሆን ብለው ከግንብ ጋር ያላትሙታል፤ የአሻንጉሊቱ ደረትና አንገት ምን ያህል እንደተጎዳ ለክተው ኮከቡን ይሰጣሉ። ሙላው እሱ የሚያውቀው ኮከብ የሆቴልና የጄኔራል ብቻ መሆኑን ነግሯት ሳቀ።

«ሳቅ አንተ» አለችው። «አሻንጉሊቱ እኮ ቀበቶውን አስሮ ነው። ወላሂ፣ ኮከቡ ላሰረ ሰው ነው።»

ከፊት መስታወቱ አናት ላይ ትንሽ ካሜራ አለች። ሰው ወይም ከብት ከፊቷ ከቆመ መኪናዋ ትጮሃለች፤ ሾፌሩ ካልሰማ ራሷ ፍሬን ትይዛለች ብላዋለች ፊርደውስ። ከመስመር ሲወጡም ታስጠነቅቃለች፤ የዚያ አገር አስፋልት ግን መስመር ስላልተቀባ በዚያ በኩል ዝም ናት። ሙላው ይህን ሁሉ የነጋዴ ወሬ አድርጎ ተወው። ሾፌሮቹም መናኸሪያው ላይ «የምትነዳው አንተ ነህ ወይስ እሷ?» እያሉ ያበሽቁታል። ቀበቶ ካልታሰረ የምትጮኸውን ለማስቆም ደግሞ ቀበቶውን ከጀርባው አዙሮ ይቆልፈውና ይደገፍበታል። የመስመሩ ሾፌር ሁሉ እንዲያ ነው፤ ደረት ላይ ማሰር እንደ ፈሪነት ይቆጠራል።

አበጋዝ የገብስ ዘር በሚዘራበት ሰሞን ተፈታ። ሙላው ወሬውን መናኸሪያው ላይ ሰማ።

አንድ የገበያ ቀን ከአቀስታ ከተማ ብቻውን ሲመለስ፣ ቁልቁለቱ ላይ ጆንያ ተሸክሞ መንገዱን የሚያቋርጥ ሰው ከሩቅ አየ። በአንድ ትከሻው ዘንበል ብሎ የሚሄደው አበጋዝ ነው። ሙላው መሪውን ወደ እሱ አቀና፤ እግሩን ከፍሬኑ አራቀና መኪናዋን ለቀቃት።

አበጋዝ ድምፅ ሰምቶ ዞረ። ዓይን ለዓይን ተያዩ። አልሸሸም። መኪናዋ መጮህ ጀመረች፤ ሙላው ዝም በይ አላት። ድንገት ጎማዎቹ አስፋልቱን ፋቁት። ማንም ሳይረግጠው ፍሬኑ ያዘ፤ ሙላው ወደ ፊት ተወረወረ፤ ደረቱ መሪው ላይ ተላተመ፣ አፉ ከመሪው ጠርዝ ጋር ተጋጭቶ የፊት ጥርሶቹ ረገፉ። ቀና ሲል ደሙ ከአገጩ እጅጌው ላይ እየወረደ ነበር። መኪናዋ ከአበጋዝ ጉልበት ስንዝር ሲቀራት ቆማለች።

ሙላው የጎማ መፍቻውን ብረት ከመቀመጫው ሥር አውጥቶ ወረደ። የአበጋዝ ትከሻ ላይ አሳረፈው። አጥንቱ እንደ ደረቅ እንጨት ተሰበረ። አበጋዝ ወደቀ፤ ጆንያው ተቀደደና ገብሱ አስፋልቱ ላይ ፈሰሰ። ሙላው ብረቱን ለሁለተኛ ጊዜ ሲያነሳ ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች እየሮጡ ደረሱ። ከላይ ሆነው መኪናዋ ስትቆም አይተው ኖሯል። ሙላው እኮ ማረው፣ ጉልበቱ ሥር ሲደርስ አቆመለት ይባባላሉ። በአካባቢው ደመኞችን የሚያስታርቁት ሽማግሌ አባ ፈንታው ባርኔጣቸውን አውልቀው መሐል ገቡ።

«የመታኸው ለንዴትህ ነው፣ ይሁን» አሉት። «ያቆምከው ግን ለፈጣሪህ ነው። አታበላሸው፣ ልጄ።»

ሙላው ደሙን ተፋ። «እኔ አላቆምኩም። መኪናዋ ናት።»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። መሬት የወደቀው አበጋዝ ግን ራሱን ነቀነቀ።

«እውነቱን ነው። ዓይኑን አይቼዋለሁ፤ ሊገድለኝ ነበር» አለ። ከዚያ ወደ ሙላው ዞረ። «አሁን ግን መኪናዋ አይደለችም፣ አንተ ነህ።»

በደህና እጁ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ጎትቶ ማጅራቱ ላይ ጫነና ተንበረከከ። ደመኛ ምሕረት ሲለምን እንዲህ ነው፤ የማረ ድንጋዩን ያነሳለታል፣ ያልማረ ጥሎት ይሄዳል። ከሙላው አገጭ የሚንጠባጠበው ደም ገብሱ ላይ ያርፋል፤ ከአበጋዝ ትከሻ የሚወርደውም እዚያው ላይ። ሙላው እህሉን ሲያይ ያ ገለባ መጣበት፤ ክብደቱ፣ ሽታው፣ ጥፍሩ ሥር የቀረው። ይህንንስ ማን መጥቶ ያፍሰው ይሆን አለ በሆዱ። የአበጋዝም እናት በሕይወት አሉ።

ብረቱ ከእጁ ወደቀ። ድንጋዩን አነሳለት።

ሐኪም ቤት ያደረሰውም እሱው ነው። አባ ፈንታው ከኋላ ተቀምጠው የተሰበረውን ደገፉት። ሙላው መኪናዋን ሳያስነሳ ቀበቶውን ከጀርባው አውጥቶ ደረቱ ላይ አሰረ፤ አመመው፣ አልፈታውም። ፊርደውስ ባላነሳችው ላስቲክ ላይ የሁለቱም ደም ቀረ።

ቤቱ ሲደርስ እማማ ንግሥቴ በር ላይ ነበሩ። እጅጌውን አዩ። እጃቸው ወደ ጥቁር ሻሻቸው ቋጠሮ ሄደ፤ ጣታቸው መፍታት ጀመረ።

«የማን ደም ነው?»

«የኔ ነው፣ እማ። ድንጋዩን አነሳሁለት።»

እጃቸው ቋጠሮው ላይ እንዳለ ቆሙ። ኋላ ገብተው ውኃ አሞቁ፣ ጨው ጨመሩበት፣ አጠገቡ ተቀመጡ።

«አፍህን ክፈት» አሉት።

ግማሹ የተፈታው ሻሻቸው ትከሻቸው ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።