ኤርሜሊንዳ መራራ አደንጓሬ የቀቀለችበት ቀን

ከአይናሮ ከተማ በላይ ተራራው ላይ ባለው መንደራችን ዝናቡ ከገባ በኋላ በቆሎው እስኪደርስ ያለው ጊዜ የረሃብ ወቅት ነው። ያምናው እህል አልቋል፤ አዲሱ ገና አበባ ላይ ነው። በዚያ ወቅት የአንዱ ቤት ከሌላው አይሻልም። እኔም ለጎረቤቴ ለኤርሜሊንዳ ከአንድ ጉማጅ የካሳቫ ሥር በላይ የምሰጣት አልነበረኝም።

ኤርሜሊንዳ አላገባችም። እህቷ ስትሞት ሦስት ልጆች ተረከበች፦ ትልቋን ዙልሚራን፣ አምስት ዓመት ያልሞላውን አዴሊኖን፣ ገና መሄድ የጀመረችውን ፊናን። አባታቸው ሥራ ፍለጋ ወደ ዋና ከተማ ከወረደ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። ኤርሜሊንዳ ፊደል አልቆጠረችም፤ ልጆቹን ግን ማድቤት ውስጥ ታስተምራቸው ነበር። የዱባ ቀንበጥ የቱ ጋ እንደሚቀነጠስ፣ ጨው መቼ እንደሚገባ፣ የቱ እንጨት ጭስ እንደሚያበዛ ከእሷ ተምረዋል።

ያን ሰሞን ካሳቫውም አለቀ። የቀረው ከጫካ የሚለቀመው መራራ አደንጓሬ ብቻ ነበር። አደንጓሬው መርዝ አለበት። ይቀቀላል፣ ውሃው ይደፋል፣ በአዲስ ውሃ ደግሞ ይቀቀላል። ውሃ በተደፋ ቁጥር አንድ ጠጠር መሬት ላይ ይቀመጣል። የጠጠሩ ሰልፍ ከአንዱ ጉልቻ ተነስቶ ሌላው ጉልቻ ጋ ሲደርስ ይበላል። ቀምሶ ማወቅ አይቻልም፤ ምሬቱ ቀድሞ ይጠፋል፣ መርዙ ግን ይቆያል። ቸኩለው የበሉ ሰዎች መቃብር ከቤተ ክርስቲያናችን ጀርባ አለ።

ዙልሚራ ከምንጭ ውሃ ታመላልሳለች። ፊና የዱባ ቀንበጥ ትበጣጥሳለች፣ ግማሹን ታኝካለች። ጠጠር ማስቀመጡ የአዴሊኖ ሥራ ነበር።

«አክስቴ፣ ደረሰ?»

«አንተ ሆዳም፣ አሁን አይደል እንዴ የጠየቅኸኝ?»

«ሆዴ ነው የጠየቀሽ፣ እኔ አይደለሁም።»

ዙልሚራ ጀሪካኑን ከራሷ አወረደች። «እሱ ቁጭ ብሎ ጠጠር ይጫወታል፣ የኔ አንገት ሊሰበር ነው!»

«ዝም በይ፣ አንቺ የጭነት ጎሽ!»

«ጎሽማ አንተ ነህ፤ ያውም ጭነት የማይችል።»

ኤርሜሊንዳ ደረቅ እንጨት ፍለጋ ወጣ ብላ ስትመለስ ሰልፉ ጉልቻው ጋ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። ርቧት ስለነበር አልጠረጠረችም። አንዴ ደፍታ የመጨረሻዋን ጠጠር አስቀመጠች። ቀንበጡን ጨመረች፣ ጨው ነሰነሰች፣ አወጣች። የመጀመሪያውን ማንኪያ እፍ እፍ ብላ ወደ ፊና አፍ ስታስጠጋ አዴሊኖ ጮኸ።

«ለሷ አትስጪያት! መጀመሪያ እኔ ልብላ!»

«አየሽው ሆዳሙን!» አለች ዙልሚራ እየሳቀች።

ልጁ ግን ያለቅስ ነበር። ቶሎ እንዲደርስ ብሎ ጠጠር ጨምሯል። ስንት እንደጨመረ አያውቅም።

የኤርሜሊንዳን ጩኸት ሰምቼ ስሮጥ ገባሁ። የፊናን አፍ በጣቷ ትፈትሻለች፤ ምንም አልገባበትም። አዴሊኖን አልመታችውም። ለመምታትም አቅም የነበራት አይመስለኝም።

«እትዬ ሉርደስ፣ ብደፋው ሌላ የለኝም። ባልደፋው እገድላቸዋለሁ።»

«ከመጀመሪያው እንጀምር፤ ውሃውን እኔ አመጣለሁ» አልኳት።

ጠጠሮቹን በትነን እንደ አዲስ ጀመርን። ቀንበጡም ጨውም ከውሃው ጋር ሄደ። እንጨቱ ርሶ ስለነበር ከመንደድ ይልቅ ይጨሳል። መደርደሪያዋን ሰብራ ማገደችው፤ ቀጥሎ በርጩማዋን። ሰልፉ ጉልቻው ጋ ሳይደርስ እሳቱ ጠፋ። የኔም ቤት እንጨት ጣሪያችን ስለሚያፈስ ርሶ ነበር። ፊና ማልቀስ አቁማ እጇን ጥላ ተኛች። ከለቅሶዋ ይልቅ ዝምታዋ አስፈራን።

«በፊት የተደፋውም ይቆጠራል፤ ይበቃው ይሆናል» አልኩ።

«ይሆናል ብዬ ለልጅ አላበላም። እኔ በልቼ እስኪጨልም እንጠብቅ። ከወደቅሁ ልጆቹን ውሰጃቸው።»

«እኔ ልብላ እንጂ!»

«አንቺ ልጆች አሉሽ።»

«እነዚህስ የማን ናቸው?»

ከድስቱ ራሷ ጨለፈች። አንድ ሳህን ሙሉ በላች። እኔ መቁጠሪያዬን አውጥቼ ጸሎት መድገም ጀመርኩ፣ ልጆቹም ተከተሉኝ። ዓይናቸው ግን ከእሷ ላይ አልተነሳም።

«አክስቴ፣ ያዞርሻል?» ዙልሚራ ጠየቀች።

«የለም።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ ምላስሽ አዞረኝ።»

መሸትሸት ሲል ግንባሯን ላብ አጠመቀው። መርዙ ይሁን ረሃቡ ማን ያውቃል? አዴሊኖ እግሯን አቅፎ «አልደግምም፣ አክስቴ፣ አልደግምም» ይላል። በሕይወቴ እንደዚያን ጊዜ ለምኜ አላውቅም። ጸሎቱን ስንጨርስ ቃል ጠፋኝና መልሼ ከመጀመሪያው ያዝኩት።

ውጭው ሲጨልም ላቧን በክንዷ ጠረገች። ከዚያ ቀና አለች።

«እትዬ ሉርደስ።»

«አቤት፣ እህቴ! ምን ተሰማሽ?»

«ኧረ ደግሞ ራበኝ።»

ፊናን ቀስቅሳ በማንኪያ አጎረሰቻት። ዙልሚራ በእጇ ትበላ ነበር። አዴሊኖ ግን ግድግዳውን ተደግፎ ቀረ።

«ና ብላ።»

«ፊና ትጥገብ።»

«ጠግባለች። ና።»

ሳህኑን ራሷ ይዛለት በላ። ለኔም አንድ ጭብጥ ሰጠችኝ። ጨው የለው፣ ቅጠል የለው፤ ተመስገን ለማለት እንኳ የሁላችንም አፍ ሙሉ ነበር።