ባዶውን የተመለሰው ምሳ ዕቃ

ልደታ ካለ አንድ የቀበሌ እስር ቤት የገባሁት ደርግ ሊወድቅ አንድ ዓመት ሲቀረው ነው። ወጣቱን በግዳጅ ወደ ጦር ግንባር የሚወስዱበትን አፈሳ የሚቃወም ወረቀት በትነሃል ተባልኩ። አልበተንኩም፤ መበተን ግን ነበረብኝ። ወፌ ላላ ተገርፌ እግሬ መሬት አይረግጥም። ክፍሏ ደምና ሽንት ትሸታለች።

አንድ ጠዋት በሩ ተከፈተና አንድ ወጣት ወለሉ ላይ በግንባሩ ተደፋ። ልብስ ሰፊ ነው። ከስፌት መኪናው ላይ ነው ያፈሱት፤ መርፌ ከነክሩ ኮሌታው ላይ ተሰክቷል።

«ለእናቴ አንድ ነኝ» አለው ጠባቂውን። «ከቀበሌያችን ደብዳቤ ታመጣለች። ትንሽ ቀን ብቻ ጠብቁኝ።»

ጠባቂው በሰደፍ አፉን መታው። ጥርሱ እግሬ ሥር ወደቀ። ሁለተኛው ምት ጎኑን ሲሰብረው ተሰማኝ።

«ደብዳቤውን አስመራ ታምጣልህ!»

ልጁ ደሙን ጠረገና የተቀደደ ሸሚዜን ተቀብሎ መስፋት ጀመረ። «እጄ ሥራ ከፈታ አለቅሳለሁ» አለኝ። ስፌቱ ቀጥ ያለ ነበር።

በማግስቱ ማለዳ ከሌሎች የታፈሱ ወጣቶች ጋር በዱላ እየነዱ ካሚዮን ላይ ጫኑት። የሚሄደው የሰሜን ሰዎች «ወራሪ» ወደሚሉት የመንግሥት ጦር ነው። ሊወርድ የሞከረ አንዱን ጣቶቹን በሰደፍ ቀጠቀጡት።

ቀትር ላይ እናቱ በር ላይ ያቀበለችው የልጁ ምሳ ገባ። በዚያ ዘመን የእስረኛ ምግብ ሳይነካ ከተመለሰ እናት መርዶ ነው ብላ ታለቅስ ነበር። ይህን ፈራሁ። በላሁትና ባዶውን ምሳ ዕቃ በጠባቂው እጅ መለስኩላት። በማግስቱም እንዲሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ርቦኝም ነበር።

በሦስተኛው ቀን ድምጿን ከበር ሰማሁ።

«የኔ ጌታ፣ ደብዳቤውን ይዣለሁ፤ ልጄን ጥሩልኝ!»

«ከሄደ ሰነበተ፣ እማማ።»

«ምነው፣ ምሳውን ይበላ የለም እንዴ?»

ጠባቂው ሳቀ።

በኋላ ነው የሰማሁት፤ ልጆቹን ሁለት ቀን ከከተማው ዳር ካለ ካምፕ አቆይተዋቸው ኖሯል። ደብዳቤውን ትተው እዚያ የሮጡ እናቶች በር ላይ አልቅሰው አንዳንዱን አስለቅቀዋል። እሷ ግን ባዶውን ምሳ ዕቃ አይታ ልጇ እዚሁ አለ ብላ ተረጋጋች።

ስፈታ ቤቷ ሄድኩ። «ምሳውን የበላሁት እኔ ነኝ» አልኳት። እሷ ሸሚዜ ላይ ያለውን ስፌት በጣቷ ዳበሰች። የማን እጅ እንደሆነ ሳልነግራት አወቀች።

«ይህን እንዳትጥለው» አለችኝ። ይቅርታ አልጠየቅኳትም።

ልጁ አልተመለሰም፤ እሷም አርፋለች። ሸሚዙን አልጣልኩትም። ጨርቁ አልቆ ሳስቷል፤ ስፌቱ ግን አልተተረተረም።