የደገምኩላት ኪኒን

ታናሽ እህቴ የሚጥል በሽታ አለባት፤ ኪኒኗን የምሰጣት እኔ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ሠላሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ወረቀት ላይ የሰፈረ ትእዛዝ እንደ ዘበት አላልፍም። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ ከተባለ፣ አለቀ።

ሐኪሟ ኪኒኑን በሌላ ከቀየረላት ወር ተኩል ሲሆን ከእምብርቷ በላይ ያማት ጀመር። የቀበና ጎረቤት ሁሉ «ጨጓራ ነው» አለ። ተልባ በጥብጠን አጠጣናት፤ ባሰባት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ኪኒኗን አስዋጥኳትና ወደ እንጦጦ ጠበል ይዣት ወጣሁ።

ጠበሉን እንደጠጣች አስመለሳት። እዚያ ማስመለስ ደግ ምልክት ነው። አጠገባችን የነበሩ እናት «እሰይ! ይውጣልሽ ልጄ» አሏት። እኔን ያስጨነቀኝ ግን ኪኒኑ አብሮ መውጣቱ ነው። ከቦርሳዬ ሌላ አወጣሁ።

«እታለም፣ በእመቤቴ ተይኝ።»

«ብትወድቂስ? ዋጪ!»

ዋጠች። መለሰችው። ደገምኩላት።

ቁልቁለቱን ስንወርድ ቀና ማለት አቃታት። ታክሲ ውስጥ ጉልበቷን አቅፋ «ጀርባዬን በሳኝ» ትላለች። ፊቷ አመድ መስሏል። ጨጓራ ጀርባ ይበሳል እንዴ? ወደ ቤት መሄዱን ትቼ ሲግናል አካባቢ ካለ ሆስፒታል አስገባኋት።

ወጣቱ ሐኪም የደም ምርመራውን አይቶ «ቆሽቷ ክፉኛ ተቆጥቷል» አለኝ። «መጠጥ ትጠጣለች?»

«ጠላ እንኳ አትቀምስም።»

«በአልትራሳውንድ የሐሞት ጠጠር አላየንም። የምትወስደው መድኃኒት አለ?»

ማሸጊያውን ሰጠሁት። አገላብጦ አየው። «ይሄ አልፎ አልፎ እንዲህ ያደርጋል። ዛሬ ወስዳለች?»

እህቴን አየኋት። ብዋሽ አታጋልጠኝም።

«ሦስት» አልኩ። «ባስመለሳት ቁጥር የደገምኩላት እኔ ነኝ።»

ማሸጊያውን ኪሱ ውስጥ ከተተው። «ከእንግዲህ አንድም እንዳይሰጧት።»

«ብትወድቅስ?»

«ሌላ በደም ሥሯ እንሰጣታለን። ግን አልሸሽግዎትም፣ መጪዎቹ ሁለት ቀናት ያሰጋሉ። በአፏ ውሃም አይገባ።»

እህቴ ዓይኗን ሳትገልጥ «ዶክተር፣ ቆሽቴን ያሳረረችው እሷ ናት ብለው ይጻፉልኝ» አለች። ነርሷ ሳቀች። እኔ አልቻልኩም።

ሁለት ቀን ሙሉ ውሃ ለመነችኝ፤ ከንፈሯን በእርጥብ ጥጥ ከማበስ በቀር ምንም አላደረግኩም። በሦስተኛው ቀን አንድ ማንኪያ ተፈቀደላት። አፏ ውስጥ ጨመርኩላትና ጉሮሮዋ ላይ አፈጠጥኩ። ወረደ። ይመለስ እንደሆነ ብዬ ጠበቅኩ፤ አልተመለሰም።

«ሌላ» አለችኝ።

ነርሷን ጠይቄ እስክመለስ ማንኪያውን ከእጄ አላስቀመጥኩም።