ማር የገባበት ፎሶሊያ

መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ከልጃቸው ከማስተዋል እጅ እህል ላለመቅመስ ራሳቸውን የገዘቱት በሰባ ሦስት ዓመተ ምሕረት በጥር ወር ነው። ማስተዋል በዐሥራ አምስት ዓመቷ ለአንድ ዲያቆን ተድራ፣ ሠርጉ በተበላ በሳምንቱ ከጫጉላ ቤት ወጥታ ጠፋች። ሚስቱ ጥላው የሄደች ዲያቆን ሌላ አግብቶ መቀሰስ ስለማይችል፣ የዚያ ሰው ክህነትም ከእርሷ ጋር ጠፋ። አባትየው በደብሩ ቅጽር በሰው ፊት ቆመው፣ «ከዚህች ልጅ እጅ እህል ውኃ ብቀምስ በሥላሴ ስም የተገዘትሁ ልሁን» አሉ። የድጓ መምህር ነበሩ፤ ቃላቸውንም የሚጠብቁት እንደ ዜማቸው ነበር፣ አንዲት ምልክት ሳይስቱ።

ማስተዋል ደብረ ታቦር ገብታ በአንድ ምግብ ቤት ማድ ቤት ዐሥራ ሁለት ዓመት ሠራች። ፎሶሊያን ያስተማራት ይግዛው የሚባለው ዋና ወጥ ሠሪ ነው። ይግዛው ቁጡ ሰው ነበር። የፎሶሊያው ጅማት ከዳር እስከ ዳር ካልተላጠ፣ ቁርጡም ሰያፍ ካልሆነ፣ ሳህኑን ገልብጦ እንደገና ያስጀምራታል። ሽንኩርቱ ያለ ዘይት፣ ለዘብ ባለ እሳት፣ ቀልቶ በራሱ እስኪጣፍጥ ድረስ ይቁላላል። ከዚያ የኑግ ዘይት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና በቀጭኑ የተከተፈ ካሮት ይከተላሉ፤ ከዚያም ፎሶሊያው። ጨው ከተጨመረ በኋላ፣ ድስቱ ሊወጣ ሲል፣ በሙቅ ውኃ የተበጠበጠ አንድ ማንኪያ ማር ይገባል። «ማሩ ከታወቀ አበላሽተሽዋል፤ ካልታወቀም አበላሽተሽዋል» ይላት ነበር ይግዛው።

በሰማንያ አምስት ወደ አገሯ ወደ እስቴ ተመልሳ መካነ ኢየሱስ ከተማ ላይ ቤት ተከራየችና ምግብ መሸጥ ጀመረች። እናቷ ሞተው ነበር። አባቷ ከከተማው የሁለት ሰዓት መንገድ ርቆ ባለው ደብራቸው፣ ከወንድሟ ከእንየው ጋር ይኖራሉ። ጋቢ ብትልክላቸው ተቀበሉ፤ ሽሮ ብትልክ መለሱ። «ግዝቴ በእህል ነው እንጂ በጨርቅ አይደለም» አሉ። እንየው ለገበያ በመጣ ቁጥር ማስተዋል የምትጠይቀው አንድ ነገር ነበር፦ አባቷ አንድ ጊዜ ከእጇ በልተው ይመርቋት ዘንድ። እርሱም ሁልጊዜ «ታገሺ» ይላታል። ስምንት ዓመት ታገሠች።

በዘጠና ሦስት ኅዳር መጀመሪያ እንየው ሲመጣ፣ «ጥርሳቸው አልቋል። የገብስ ቂጣ አልወርድ ብሏቸዋል» አላት። ቀጥሎም፣ «ከነፍስ አባታቸው ከአባ ኃይለ ሚካኤል ጋር አንድ ነገር እየመከሩ ነው። ምን እንደሆነ አልነገሩኝም። ብቻ እስከ ገና ታገሺ።»

«ይህን ቃል ከአንተ ስሰማ ጸጉሬ ሸበተ» አለችው።

ከነገሩ ሁሉ በልቧ የቀረው የጥርሳቸው ማለቅ ነበር። ፎሶሊያ ሲበስል ለድድ ይመቻል።

የኅዳር ጽዮን ዕለት የማርያም ማኅበር ተራ የመሪጌታ ጎረቤት የካሣነሽ ነበር። ቀኑ በጾመ ነቢያት ውስጥ ስለሚውል ድግሱ የጾም ነው። ማስተዋል በዋዜማው ከጓሮዋ የለቀመችውን ፎሶሊያ በእንቅብ አዝላ ካሣነሽ ዘንድ ደረሰችና አባቷን ሳያውቁ ከእጇ ልታበላቸው ማሰቧን ነገረቻት።

ካሣነሽ አንዱን አንሥታ አገላበጠችው። «ይኸ ምንድን ነው? የገመድ ቁራጭ ነው ወይስ እህል?»

«ነገ ትቀምሺዋለሽ። ማን ሠራው ቢሉ፣ ራሴ ነኝ የሠራሁት በያቸው።»

«ኋላስ ቢያውቁ?»

«ከበሉ ወዲያ ግዝቱ በራሱ ፈረሰ፤ አይደለም?»

ካሣነሽ ጥቂት አሰበች። «መቼም የዋጡትን አይተፉት!» አለችና ሳቀች። ከሁለቱ አንዷም ቄስ አልጠየቀችም። የታሰረ ቃል የሚፈታው በካህን ጸሎት እንጂ በስሕተት እንዳልሆነ የመሪጌታ ልጅ ማወቅ ነበረባት።

በማግሥቱ ቅዳሴ ወጥቶ ማኅበርተኛው ተቀመጠ። ማስተዋል ከጓዳው መጋረጃ ኋላ ቆማ በቀዳዳው ታያለች። መሪጌታ ከፎሶሊያው በእንጀራ ጠቅልለው ጎረሱ፤ ቀስ ብለው አላመጡ፤ ደገሙ።

«ይህን ማን ሠራው?»

«እኔ ነኛ፣ የኔታ! እጄ ምን ሆነና?»

«ካሣነሽ፣ የአንቺን እጅ ሠላሳ ዓመት አውቀዋለሁ። ጨው እንጂ ሌላ የሚያውቀው የለም።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ካሣነሽም አፏን በነጠላዋ ሸፍና፣ «የኔታ ደግሞ! ካልጣመዎት ይመልሱልኝ» አለች።

«መች አልጣመኝም አልሁ? ጨምሪልኝ።» ጨመረችላቸው። «ጨውና ማር ሳይጣሉ እንዲህ ሲያድሩ አይቼ አላውቅም። የሠራው እጅ ይባረክ።»

ማስተዋል ሃያ ዓመት የጠበቀችው ቃል ይህ ነበር። መጋረጃውን ገልጣ ወጥታ ከእግራቸው ሥር ወደቀች። «አባባ፣ የሠራሁት እኔ ነኝ። በሉልኝ። ባረኩኝ።»

መሪጌታ በጣቶቻቸው የያዙትን ጉርሻ ወደ መሶቡ መለሱት። የተቆጡ አይመስሉም ነበር፤ ድምፃቸውም ዝቅ ያለ ነበር።

«ተነሺ። ከገና በኋላ አባ ኃይለ ሚካኤል ግዝቴን ሊፈቱልኝ ቀን ቆርጠን ነበር። ከዚያ ወዲያ ቤትሽ መጥቼ ልበላ ነበር። አሁን የሚፈታ ቃል የለኝም፤ የፈረሰ ቃል ነው ያለኝ።»

«አላወቅሁም፣ አባባ።»

«ብትጠይቂ ታውቂ ነበር። ያኔም ሳትጠይቂ ሄድሽ፤ ዛሬም ሳትጠይቂ መጣሽ።»

ውኃ አስመጥተው እጃቸውን ታጠቡ። በትራቸውን አንሥተው ወጡ። ማኅበርተኛው አንገቱን ደፋ፤ ካሣነሽም የተረፈውን ፎሶሊያ ወደ ጓዳ መለሰች።

አባ ኃይለ ሚካኤል፣ መሪጌታ ሳያውቁ የበሉት ነውና ሦስት ቀን ቢጾሙ ይበቃል ብለው ነበር። መሪጌታ ግን አርባ ቀን ይሁንብኝ አሉ። በቀን አንዴ፣ ፀሐይ ሲጠልቅ፣ በውኃ የራሰ ቆሎ ብቻ ይቀምሱ ነበር። ገና አለፈ። በጥር ሃያ፣ ቀኖናቸውን በፈጸሙ በሦስተኛው ሳምንት፣ አረፉ። ከመሞታቸው በፊት ነፍስ አባታቸው፣ «ማስተዋልን ፍቷት እንጂ» ቢሏቸው፣ «እሷን መች አሠርኋት? ታሥሬ የኖርሁት እኔ ነኝ» ማለታቸውን ለእኅቱ የነገራት እንየው ነው። ይንገራት ወይስ ይተወው እያለ ሁለት ሳምንት አመንትቶ ነበር።

አርባቸው በዐቢይ ጾም ዋለ። ወጡን የሠራችው ማስተዋል ነበረች፤ ፎሶሊያውንም ሠራች፣ ማሩን ሳትቀንስ። ቀሳውስቱ በሉ፤ አወደሱ። ከዚያ ወዲህ በእስቴ የጾም ድግስ ያለው ሁሉ እርሷን ይጠራ ጀመር።

በሄደችበት ድግስ ሁሉ ግን አንድ ልማድ አላት። ወጡ ከመቅረቡ በፊት እጇን በመቀነቷ አብሳ ከማድ ቤት ትወጣለች፤ ከተቀመጠው ሰው ፊትም ትቆማለች።

«የሠራሁት እኔ፣ የመሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ልጅ ማስተዋል ነኝ። ከእጄ የማይበላ ካለ አሁን ይናገር።»

ሰዉ ይስቃል። «ኧረ አቅርቢ፣ ራበን!» ይላታል አንዱ። እርሷ ግን አትስቅም። የሚናገር እንደሌለ እስክታረጋግጥ ድረስ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ የእያንዳንዱን ሰው ፊት ትመለከታለች።