ቅቤ የጠጣ ፍሬን

አስር ዓመት ሳይሞላኝ፣ ከሚሴ ውስጥ ከእኔ የበለጠ መኪና የምታውቅ ልጅ እንደሌለች እርግጠኛ ነበርኩ። አባዬ አሮጌ ፒካፑን ግቢያችን ውስጥ ሲፈታታ አጠገቡ ቁጭ ብዬ አስተያየት እሰጥ ነበር። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ቤንዚን በኩፖን፣ መለዋወጫ በዱዓ ነበር የሚገኘው።

የታላቅ እህቴ የዘሀራ ሰርግ ሁለት ቀን ሲቀረው አባዬ የተመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልጁን በገዛ መኪናው፣ ራሱ ነድቶ ማድረስ። የሙሽራው ቤት ከጨፋ ሸለቆ በላይ አቀበት ላይ ነው። እዚያ ደግሞ ዱዓው አልቆ አሚን እስኪባል ሙሽራ ከመኪና አትወርድም። ስለዚህ የእጅ ፍሬኑ የግድ መያዝ ነበረበት።

አባዬ የኋላ ጎማዎቹን ፈትቶ የፍሬን ሸራዎቹን አወጣ፤ አቧራቸውን አራግፎ ፀሐይ ላይ ደረደራቸውና ዙሁር ሊሰግድ ሄደ። ሳያቸው ደርቀዋል። አያቴ ወደ ባቲ ግመል ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፤ የመጫኛው ጠፍር በደረቀ ቁጥር ቅቤ ሲያጠጣው እያየሁ ነው ያደግኩት። ታዲያ ምኑ ያጠራጥራል? ለሰርጉ ከተቀመጠው ቅቤ ጭልፋ ሙሉ አምጥቼ ሸራዎቹን አንድ በአንድ አሸኋቸው። የከሚሴ ፀሐይ ደግሞ አቅልጦ አስጠጣልኝ። አባዬ ሲመለስ ምልክቱም ስላልነበረ መልሶ ገጠማቸው።

ከዚያ በኋላ ፍሬኑ ጨርሶ እምቢ አለ። በራችን ላይ ባለችው ትንሽ ዳገት እንኳ መኪናዋ ወደ ኋላ ትንሸራተታለች። አባዬ ፍሬኑን የሚስበው ሽቦ፣ ካቦው፣ ረግቦ ነው ብሎ አጠበቀው፤ ደግሞ አጠበቀው፤ ማጥበቂያው ዳዶ መሄጃ እስኪያጣ። በማግስቱ ጠዋት ፊቱ ጠቁሮ፣ «ዘሀራን ሌላ ሰው ይውሰዳት። ልጄን በድንጋይ በምትቆም መኪና አልወስድም ወላሂ» አለ። ዘሀራ ጓዳ ገብታ አለቀሰች።

«ጎማውን አንሳና አዙረው» አልኩት፤ እኔ መቼ ዝም እላለሁ። በክሪክ አነሳው። እኔ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ሳብኩ፣ እሱ ጎማውን ገፋ፤ ጎማው እንደ ልቡ ዞረ። ካቦው እየሳበ ካልያዘ ችግሩ ውስጥ ነው ማለት ነው። ሸራዎቹን የሚከድነውን ታምቡር ከፍቶ አንዱን ሸራ በጣቱ ነካና አሸተተው።

«ማል ጎቴ፣ ኢንተላ ኮ? ምን አድርገሽው ነው፣ ልጄ?» አለ ኦሮምኛውን ከአማርኛ ቀላቅሎ።

«ቅቤ አጠጣሁት!» አልኩ ኮርቼ። «ደርቆ ነበር እኮ!»

አባዬ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከዚያ ሸራዎቹን ከሰል ላይ አድርጎ ቅቤውን አስተፋቸው፤ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈጋቸው። ግቢው የተነጠረ ቅቤ ስለሸተተ ጎረቤቶች ድግሱ ተጀመረ እንዴ እያሉ ብቅ ብቅ አሉ።

በሰርጉ ቀን አቀበቱ ላይ ስንደርስ አባዬ ፍሬኑን ሳበ። መኪናዋ ንቅንቅ አላለችም። ዱዓው ተደረገ፣ አሚን ተባለ፣ ዘሀራን አወረዷት። አባዬ ግን እጁን ከፍሬኑ አላነሳም።

«ይዟል እኮ፣ አባዬ» አልኩት፤ ሥራችንን የተጠራጠረ መስሎኝ።

«አውቃለሁ» አለ። እጁ እዚያው ቀረ፤ ዓይኑም ዘሀራ በገባችበት በር ላይ።

አባዬ ዛሬ በሕይወት የለም። ባለፈው ወር እኔም ልጄን ዳርኩ፤ በራሴ መኪና፣ ራሴ ነድቼ። የዘንድሮ መኪና የሚሳብ የእጅ ፍሬን የለውም፤ ቁልፉን ነካ ሲያደርጉት ይይዛል። አስተማማኝ ነው፣ አልክድም። ልጄ ወርዳ ስትሄድ ግን እጄን የማደርግበት አጣሁ።