የሳንቃው ወለል ከበሮ

በአሰበ ተፈሪ ገበያ አጠገብ ሬዲዮና ቴፕ የሚጠግነው በድሪ የሚታወቀው በሙያው ሳይሆን በእግሩ ነበር። ልጅ ሳለ ሂርና ላይ ከጫት መኪና ወድቆ ግራ እግሩ ተሰበረ። ወጌሻው ገጠመለት፤ ገጠመለት እንጂ አላስተካከለለትም፣ ሁለት ጣት ያህል አጠረበት። ከዚያ ወዲህ ሰው «ኦኮላው» ይለዋል፤ አንካሳው ማለት ነው። ፊት ለፊት ይሉታል፣ እሱም «አቤት» ይላል። ምን ያድርግ?

እግሩ እንጀራውን አልከለከለውም። የከለከለው የሸጎዬን ጭፈራ ነው። በዚያ አገር ወጣት ወንዱና ሴቱ ፊት ለፊት ተሰልፈው መሬቱን እየረገጡ ሲጨፍሩ የሁሉም እርምጃ አንድ መሆን አለበት። በድሪ በጉርምስናው አንዴ ሰልፉ ውስጥ ገባ። የአንድ ሰው እግር ሲዘገይ ሰልፉ በሙሉ ይናጋልና፣ አንድ ጓደኛው ክንዱን ይዞ በቀስታ አወጣው። አልሰደበውም፣ አልሳቀበትም፤ የባሰውም ይኸው ነው። ስድብማ ቢሆን ተጣልተው ይገላገሉ ነበር። ከዚያ በኋላ በድሪ በየሰርጉ ግድግዳ ተደግፎ የሚያይ ሰው ሆነ። አርባ ሊሞላው ሲል እንኳ ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፤ ከቴፖቹ በቀር የሚያነጋግረው አልነበረም።

በ1978 ዓ.ም. ከጅቡቲ በባቡር ተደብቃ መኢሶ የወረደች ትንሽ ኦርጋን ገዛ። ቁልፍ ሲጫኑላት በራሷ ከበሮ ትመታለች። ሐሳቡ አንድ ነበር፤ ዜማ በካሴት ይቅዳና፣ እሱ ባይጨፍር ሰው በእሱ ዜማ ይጨፍር። ከዚህ ሌላ አላህን የለመነው ነገር አልነበረም። ጎረቤቱ ጫት ነጋዴዋ ጣሂራ ይህን ሰምታ ኖሮ የልጇ የረዲያ ሰርግ ሲቃረብ ሱቁ መጣች።

«ያንተን ካሴት እናጫውታለን» አለችው። «ግን አቦ፣ ሰው ካልተነሳ ወዲያው ነው የማጠፋው። ሰርጌን ለቅሶ ቤት እንዳታስመስልብኝ!»

«እሺ አዴ ጣሂራ፣ ኢንሻአላህ።»

ዜማው አላስቸገረውም። ያስቸገረው ከበሮው ነው። የኦርጋኗ ከበሮ ባዶ ጣሳ በማንኪያ ሲመታ ይመስላል። ከበሮውን በአንዱ ቴፕ ይቀዳል፤ እሱን እያጫወተ ዜማውን ይጫወትበታል፤ ሁለቱን አንድ ላይ በሌላው ቴፕ ይቀዳል። ታዲያ ቀድሞ የተቀዳው ከበሮ ከዜማውና ከካሴቱ የሽሽሽ ድምፅ ሥር ተቀብሮ ይቀራል። ስፒከሩን በርሜል ውስጥ ከተተው፤ ከበሮው ጉድጓድ ገብቶ እንደሚጣራ ሰው ሆነ። ወፍራሙን ድምፅ እስከ መጨረሻው ከፈተው፤ የስፒከሩ ወረቀት ተቀደደ። «አንድ እጅ አያጨበጭብም» ይባላል፤ በድሪ ግን የሚያጨበጭብለት ሰው ቢያጣ ብቻውን አጨብጭቦ ቀዳ፣ በዚያ ላይ ደግሞ አጨበጨበ፣ አሁንም ደገመ። ሲያዳምጠው አንድ ብቸኛ ሰው ብዙ ጊዜ ሲያጨበጭብ ነው የሚሰማው።

አንድ ከሰዓት ተናዶ፣ የሚቀዳውን ቴፕ ሳያጠፋ ሱቁ ውስጥ ተንጎራደደ። ወለሉ የድሮ ዐረብ ነጋዴዎች ያስነጠፉት፣ ሥሩ ባዶ የሆነ ሳንቃ ነው። መልሶ ሲሰማው ደነገጠ። ዱም፤ ድም። ረጅሙ እግር ይከብዳል፣ አጭሩ ትንሽ ዘግይቶ ይከተላል። የማሽኑ ከበሮ ሲቆጥር የኖረውን ይህኛው ይራመደው ነበር። በድሪ ሰው ሳያየው አለቀሰ።

ከዚያ ሥራውን ገለበጠው። ዜማውን አስቀድሞ፣ ዝቅ አድርጎ ቀዳ፤ ከበሮውን መጨረሻ አደረገው። ማይኩን ሳንቃው ላይ አስተኝቶ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ካሴቱ እስኪያልቅ በተረከዙ ረገጠ። በማግስቱ መራመድ አቃተው።

ሰዓት እላፊ ስለነበረ ሰርጉ በቀን ተደረገ። ጣሂራ ጣቷን ማጥፊያው ላይ አድርጋ ቆማለች። ካሴቱ ተጀመረ፤ ማንም አልተነሳም። በድሪ እንደ ልማዱ ግድግዳ ተደግፎ የሰዉን እግር ያያል። ከዚያ ሁለት ኮረዶች ተነሱ፣ ጎረምሶቹ ተከተሏቸው። እግራቸው እርምጃውን ሳተው፣ ደግሞ ፈለገው፣ ከዚያ ያዘው። ትንሽ ቆይቶ ግቢው በሙሉ እያነከሰ ይጨፍር ጀመር። ጣሂራ እጇን አንስታ እልል አለች።

ከበደሳ ከተማ የመጣው ሚዜ አብዱልቃዲር በላብ ተጠምቆ ወደ ግድግዳው መጣ።

«አቦ ጋሼ፣ ይሄን ከበሮ የመታው ማነው?»

በድሪ «እኔ ነኝ» ሊል አፉን ከፈተ። ግን በማን እግር እንደሚጨፍሩ ካወቁ ሳቁ እንደሚነሳ፣ ጭፈራውም እንደሚቆም ታየው።

«የሐረር ሰው ነው» አለ።

«አላህ እጁን ይባርከው! እርስዎስ ምነው ቆሙ? ይግቡ እንጂ!» ልጁ ክንዱን ይዞ ወደ ሰልፉ ሳበው።

በድሪ ወደ ግድግዳው ተጠጋ።

«ተወኝ ልጄ» አለው። «እርምጃውን አልችለውም።»