መጋዘን ውስጥ የተበላው የመምህር መምሪያ

ዛሬ ጠዋት የትምህርት ቤታችንን መጋዘን ስናጸዳ ከተሰባበሩ ዴስኮች ሥር ሦስት ካርቶን አገኘን። አንዱን ሳነሳው ታቹ መሬት ላይ ቀረ። ምስጥ በልቶታል።

ውስጡ የስምንተኛ ክፍል የጠቅላላ ሳይንስ የመምህር መምሪያ ነው። አምና ዓመቱን ሙሉ ስንጠይቅ "አልመጣም" የተባልነው።

የማስተምረው አቦቦ ነው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር ለእኔና ለባልደረባዬ ለኦባንግ የተሰጠን የተማሪው መጽሐፍ ብቻ ነበር። ልጆቹ ከየምዕራፉ ምን መቻል እንዳለባቸው፣ በምን ሙከራ እንደምናሳያቸው የሚነግረን መምሪያው ነው። ስለሌለን በግምት አስተማርን።

ኦባንግ እንዲያውም "ዕቅድህ ከመምሪያው ጋር አይሄድም" ተብሎ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶታል።

ብዙዎቹ ልጆቻችን ክልላዊ ፈተናውን ወደቁ። ዘንድሮ ያልተመለሱም አሉ።

ርዕሰ መምህሩን ጠራነው። ካርቶኖቹን አየና "ሳይቆጠር አይውጣ ተብሎ ነው የተቆለፈው። የሚቆጥር ሰው ግን ሳይላክ ቀረ" አለ።

ከእኛ ቀድሞ መምሪያውን የጨረሰው ምስጡ ሆነ።

ኦባንግ አልተቆጣም። መሬት ላይ ቁጭ ብሎ የተረፉትን ገጾች አፈሩን እያራገፈ ማንበብ ጀመረ። የኤሌክትሪክ ምዕራፍ ላይ ሲደርስ ቆመ።

"ይሄ ሙከራ በባትሪና በትንሽ አምፖል ይሠራል። ሁለቱም እዚህ ሱቅ አለ" አለኝ። "እኔ ግን ሰሌዳ ላይ ሥዬ አለፍኩት።"



መምህራን ወዳጆቼ፣ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟችሁ ከሆነ ጻፉልኝ። መምሪያው እዚሁ መጋዘን ውስጥ እንደነበር ለወደቁት ልጆች ወላጆች እንዴት እንደሚነገር የሚያውቅ ካለ ግን እሱ ይቅደም።